የላይኛው በር

ካሜራው የሚሉት ልጅ ጠረጴዛው ስር ገብቶ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኗል። «ታናሼ... ታናሼ የት ነህ?» አለ ድምፁን እያንቀጠቀጠ። የክፍሉ ልጆች ግማሾቹ በሳቅ ፈረሱ። ግማሾቹ ደግሞ አንገታቸውን አዙረው ሚጡ ምን እንደምትሆን ማየት ጀመሩ።

ሚጡ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። የሒሳብ መምህሩ አንድ ጥያቄ ሰጥቷት ስልክ ሊያነሳ ወጥቷል። ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ ቁጥሮቹን ታያለች እንጂ አታነባቸውም።

«ዞር በይና እይው እንጂ፣ አባትሽን ቁርጥ እኮ ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

አልዞረችም። መምህሩ ሲመለስ ካሜራው ሱሪውን እያራገፈ ወጣና «እስክሪብቶ ወድቆብኝ ነው ቲቸር» አለ። ሚጡ ጥያቄውን ሠርታ ጨረሰች፤ መልሱም ትክክል ነበር። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ግን እጇ ውስጥ የነበረው ጠመኔ ዱቄት ሆኖ ነበር።

ልጁ ካሜራው የተባለው ስልክ ከእጁ ስለማይለይ ነው። ድመት ከጣሪያ ስትወድቅ፣ አስተማሪ ሲያነጥስ፣ ሰው አዳልጦት ጭቃ ላይ ሲዘረጋ ሁሉም እሱ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ስሙን ያስጠራለት ግን የሚጡ አባት ቪዲዮ ነው።

ከከተማዋ ጀርባ ያለው ተራራ ሆዱ ባዶ ነው። ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ እርሳስ፣ ብርና ወርቅ ሲያወጡበት ውስጡን እንደ ወንፊት በሳስተውታል። ቁፋሮው ከቆመ ቆይቷል። አሁን የታችኛው ዋሻ መብራት ገብቶለት ጎብኚ ይገባበታል። የሚጡ አባት በወጣትነቱ እዚያ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ሲሆን፣ ዋሻው ለጎብኚ ሲከፈት አስጎብኚ ሆነ። ሥራውን ይወደው ነበር። «ይሄ ግራጫው መስመር እርሳስ ነው» ይላል መብራቱን ግድግዳው ላይ እያበራ፤ «ግን ለፈተና ይዛችሁት ብትገቡ አይጽፍላችሁም። ይሄ የሚያብለጨልጨው ደግሞ ብር ነው፤ እሱም ከረሜላ አይገዛላችሁም።» ሰዉ ሁሌም ይስቃል። አባቷም ቀልዱን ዛሬ እንደፈጠረው ሁሉ ሁሌም አብሮ ይስቃል።

ለጎብኚ የማይናገረው አንድ ነገር ብቻ አለ። ቁፋሮው ሊቆም አካባቢ ጣሪያው ተደርምሶ ታናሽ ወንድሙ ከድንጋዩ ወዲያ ቀርቷል። የአየር ቧንቧው ስላልተቆረጠ አባቷ ከወዲህ በመዶሻ ሲመታ፣ ታናሹ ከወዲያ እየመታ ይመልስለት ነበር። ቆፍረው ሳይደርሱበት ምላሹ ቆመ። ሚጡ ይህን የሰማችው ከእናቷ ነው። አባቷ ቤት ውስጥም አንስቶት አያውቅም።

ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ለጉብኝት የወሰደ ቀን ካሜራው ከሰልፉ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ከዚያ ሀዲዱ ዳር ተደግፎ የቆመ ትልቅ ላሜራ ገፍቶ ጣለ። ሰው ሲደነግጥ ለመቅረጽ ነበር። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ዋሻውን ሞላው። ልጆቹ ጮኹ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ። የሚጡ አባት ግን መሬት ላይ ነበር። ጉልበቱን አጥፎ፣ አናቱን በክንዱ ሸፍኖ፣ ማንም ከእሱ ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ ታናሹን ይጣራል። ካሜራው መቅረጹን አላቆመም።

ቪዲዮው ከእነሱ ቀድሞ ከተማ ገባ። ርዕሰ መምህሯ ካሜራውን አስጠርታ ቪዲዮውን አስጠፋችው፤ ክፍሉ ፊትም ይቅርታ አስባለችው። እሱም «ይቅርታ» አለና ሲቀመጥ ጓደኞቹን ጠቀሳቸው። ጠፋ የተባለው ቪዲዮ በማግስቱ ሙዚቃ ተጨምሮበት ተመልሶ መጣ።

አባቷ ከዚያ ወዲህ ዋሻው በር አልደረሰም። ወገቤን አሞኛል ብሎ ፈቃድ ወሰደ። ቀኑን ሙሉ ከእናቷ የልብስ ስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ ስፌት ይፈታል። የጠበበ ቀሚስ፣ የተበላሸ እጅጌ የመጣለትን ሁሉ ክሩን በመርፌ ጫፍ እየነቀለ ጭኑ ላይ ይከምራል። እናቷ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ብላ ደህናውንም ስፌት እንደምትሰጠው ሚጡ ደርሳበታለች። አባቷ ከተኛ በኋላ እናቷ መልሳ ትሰፋዋለች።

«ትምህርት እንዴት ነበር?» አላት በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቀና ሳይል።

«ደህና ነው አባዬ።»

«ያ ልጅ አስቸገረሽ እንዴ?»

«ኧረ የለም።»

«ልጅ ነው፤ ተይው» አለና ክሩን ሳብ አደረገ።

ሚጡ አልተወችውም። ዕቃ ስታጥብም ደብተሯን ስትገልጥም እሱኑ ታስባለች። ይቅርታ እንዲላት አልፈለገችም፤ ይቅርታማ ብሎ ነበር። የፈለገችው እሱም እንደዚያ እንዲሆን ነው። መሬት ላይ፣ አናቱን ይዞ፣ ሰው እየሰማው።

በማግስቱ ጠዋት ካሜራው ከኋላቸው መቀመጡን አይታ ወደ ሬዲዮ ዞረች። ሬዲዮ አንድ ወንበር የምትጋራት ጓደኛዋ ናት። አፏ ስለማይዘጋ ነው ስሙ የወጣላት።

«ላይኛው ዋሻ ውስጥ ብሩ ያልተነካ ግድግዳ አለ፣ ነግሬሽ አውቃለሁ?» አለች ሚጡ፣ ሹክሹክታ አስመስላ፤ ግን ከኋላ እንዲሰማ አድርጋ። «አባዬ አንዴ አሳይቶኛል። መብራት ሲያርፍበት ኮከብ የሞላበት ሰማይ ነው የሚመስለው። ለጎብኚ አይከፈትም።»

ለእረፍት እንደወጡ ካሜራው መጣ።

«የብር ግድግዳው እውነት ነው ወይስ ፉገራ?»

«ለአንተ ምን ያደርግልሃል?»

«እንዴት ምን ያደርግልኛል። ማንም ያልቀረጸው ነገር እኮ ነው። እሱን ብለቀው ሰው ያብዳል።» ቀና ብሎ አያት። «በአባትሽ ነገር ተቀይመሽኛል አይደል?»

ሚጡ ፈገግ አለች። ፈገግታውን ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ተለማምዳው ነበር። «አሮጌ ወሬ። አሁንማ እኔንም ያስቀኛል።»

«ሙት በይኝ።»

«ካላመንክ ተወው።»

ካሜራው አሁንም በዓይኑ መዘናት። ከዚያ ሊፈትናት እጆቹን አናቱ ላይ ጫነና ጉልበቱን እጥፍ አደረገ። «ታናሼ...» አለ።

ሚጡ ሳቀች። ሳቁ ሲወጣ ጉሮሮዋን እየቧጨረ ነበር፤ ግን ወጣ። ካሜራውም ሳቀ። ሳቃቸው ሳያልቅ ሚጡ ሬዲዮን አየቻት። በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇ ላይ ያለውን ብርቱካን መላጥ ትታ ነበር። ሬዲዮ ክፍል ገብታ ደብተሮቿን ሰበሰበችና ወደ ፊት ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። ያን ቀን ሙሉ ሬዲዮ አልተከፈተችም።

ሚጡ ተከትላት ሄዳ ልትነግራት ፈለገች። ግን ለሬዲዮ ከነገረች በኋላ የሚቀር ምስጢር የለም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር የወጡት። የላይኛው ዋሻ ቁልፍ ከአባቷ የሥራ ካፖርት ስር ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። አባቷ አንገቱን ደፍቶ ስፌት ሲፈታ ከጀርባው አልፋ ቁልፉንና መብራት ያላቸው ሁለት ሄልሜቶች ወሰደች። ካሜራው ወደ ላይኛው በር በሚወስደው መንገድ ካለ ቁጥቋጦ ጋ እየጠበቃት ነበር። አዲስ ጃኬት ለብሷል፤ ፀጉሩን ቅባት ቀብቷል።

«ለዋሻ ነው ይሄ ሁሉ?» አለችው።

«ሰው እኮ ነው የሚያየኝ።»

የላይኛው በር ወፍራም የብረት ፍርግርግ ነው። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር ሚጡ በሁለት እጇ ነው ያዞረችው። ገና እግራቸውን ሲያስገቡ ቅዝቃዜው ፊታቸውን መታቸው። ውሃ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ጣሪያውን የደገፉት ግንዶች ነጭ ሻጋታ አብቅለዋል፤ ከእግራቸው ስር የዛገ ሀዲድ፣ ከጎኑ ደግሞ አሮጌ ቧንቧ ተዘርግቷል። ግድግዳው ላይ የመሮ ምት እንደ ጣት ጭረት ጎን ለጎን ተሰልፏል።

«አንድ ነገር ስማኝ» አለች ሚጡ። «ከብሩ ግድግዳ አታልፍም። ወዲያ ዋሻው ይከፋፈላል፤ መሬቱ ላይ ትልቅ ጉድጓድ አለ። የተሸፈነው በበሰበሰ ጣውላ ነው።»

«ኧረ አታካብጂ።»

«አታልፍም ብያለሁ።»

«እሺ እሺ።»

ግድግዳው ጋ ሲደርሱ መብራታቸው አረፈበት። ግራጫው ድንጋይ ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ነጥቦች ባንዴ ብልጭ አሉ፤ ጭንቅላታቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ብልጭታውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ካሜራው ስልኩን ዝቅ አደረገ። ለአፍታ ያህል መቅረጹን ረስቶ ነበር።

«ወይ ጉድ» አለ ቀስ ብሎ። «እንደዚህ ነው እንዴ።»

ሚጡ በዚያች አፍታ እሱን መጥላት አቅቷት ነበር ማለት ይቻላል። ወዲያው ግን ካሜራው ፀጉሩን እየደባበሰ «በይ አሁን ከእኔ ጋር ይቀረጽ» አለ። ያው ካሜራው ነበር።

«ስልኩን ስጠኝና እዛ ቁም፤ እኔ ልቅረጽህ» አለችው።

ሰጣት።

«ግንባርህ ላይ ያለው መብራት ወደ እኔ እያበራ አስቸገረኝ። ሄልሜቱን አውልቀው።»

አውልቆ ሰጣት። ሁለቱም መብራት እሷ ጋ ሆነ፤ እሱ ባዶ እጁን ነው። ግድግዳውን ተደግፎ እጁን አጣመረና አገጩን ከፍ አደረገ።

«ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ፣ ግድግዳው በሙሉ እንዲገባ» አለች ሚጡ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ እየቀረጸች ወደ ኋላ ሄደች። ዋሻው የሚታጠፍበት ጋ ስትደርስ መብራቶቹን አጠፋችና ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። መቅረጹን አላቆመችም።

የዋሻ ጨለማ እንደ ቤት ጨለማ አይደለም። ዓይን የሚለምደው ነገር የለም።

«አሪፍ ነው» አለ ካሜራው እየሳቀ። «በቃ አብሪው።»

ሚጡ አልመለሰችም።

«ሚጡ፣ ሰማሽ? ቀልዱ ይብቃ።» እጁ ግድግዳውን ሲዳብስ ተሰማ። «አንቺ ልጅ፣ ለእናቴ ነው የምነግራት። እናቴ ደግሞ አታውቂያትም።» ድንጋይ ተንከባለለ። «ሄደሽ ነው እንዴ? ሚጡ? ሄደሽ እንዳይሆን።» ከዚያ ትንፋሹ ብቻ ተሰማ፤ ፈጣንና አጭር። «እባክሽ» አለ። «እባክሽ፣ እኔ ጨለማ አልችልም። እማዬ... እማ...»

ሚጡ ደስ አላት። እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ሞቅ ብሎ ከእግሯ ወደ ላይ ወጣ። ይኸው አለቀሰ፤ ይኸው ተጣራ። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ቀስ ብላ ወጣች። ርቃ ስትሄድ ብቻ መብራቷን አበራች።

በሩ ላይ ፀሐይ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ቪዲዮውን ከፈተችው። ምስሉ ጥቁር ነው፤ ድምፁ ግን አንድም አልጎደለም። እዚያ ኔትወርክ አለ። ስልኩ ስላልተቆለፈ ካሜራው ቪዲዮ የሚለቅበት ገጽ እጇ ላይ ነው። በራሱ ገጽ፣ ለራሱ ተመልካች ልትለቀው ትችላለች። ትንሽ ደግሞ ታቆየዋለች፤ ከዚያ ገብታ ታወጣዋለች። ሲወጣ ከተማው ሁሉ ሰምቶታል።

ጣቷን ከመጫኗ በፊት አንዴ ደግማ ልትሰማው ፈለገች፤ ለራሷ፣ እንዲጣፍጣት። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰማው ግን መጨረሻው አካባቢ፣ ከልቅሶው ስር፣ ሌላ ነገር ሰማች። ጫማ ድንጋይ ላይ ይጎተታል። ካሜራው «መብራት ነው? ማነው እዛ?» ይላል፤ እዚያ ግን ምንም መብራት አልነበረም። ልቅሶውም ጫማውም እየራቀ ነው የሚሄደው። በእሷ በኩል ሳይሆን፣ ከግድግዳው ወዲያ።

ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከታ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ግድግዳው ጋ ማንም አልነበረም። ብሩ ብቻ ብልጭ ብልጭ አለባት።

«የት ነህ?» ብላ ጮኸች። «ባለህበት ቁም፤ አትንቀሳቀስ።»

«እዚህ ነኝ» የሚል መጣ። ከግራም ከቀኝም ከላይም ነበር የመጣው፤ ዋሻው ድምፁን ከየጉድጓዱ መልሶ ይረጨዋል። ሚጡ የቱን እንደምትከተል ግራ ገብቷት ቆመች። ቀጥሎ የሰማችው የእንጨት ስብራት ነው፤ ከዚያ አንድ አጭር ጩኸት። ከዚያ ምንም።

እንዴት ተራራውን እንደወረደች አታውቅም። ቤት ስትገባ አባቷ እዚያው ነው፤ የሰው ቀሚስ ጭኑ ላይ ዘርግቷል።

«አባዬ፣ ላይኛው ዋሻ ውስጥ ልጅ አለ። መብራት የለውም። ከብሩ ግድግዳ ወዲያ ነው፤ ጣውላው ሲሰበር ሰምቻለሁ።»

የአባቷ መርፌ ቆመ። «የማን ልጅ?»

«የፋርማሲስቷ።»

የእናቷ ስፌት መኪናም ቆመ። ያን ቪዲዮ የቀረጸው የፋርማሲስቷ ልጅ መሆኑን ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሚጡ አባቷን አየችው። አንድ ነገር ፊቱ ላይ እንዲመጣ ጠበቀች፤ ምናልባትም ፈለገች። አባቷ ግን ጭኑ ላይ ያለውን ቀሚስ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ተነሳ። የተፈታው ክር ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ።

«አንተ አትገባም» አለች እናቷ። «ጥበቃዎቹ ይጠሩ። የአደጋ ሠራተኞች ይምጡ።»

«ይምጡ፤ ሂጂና ጥሪያቸው። እናቱንም ጥሪያት። እነሱ እስኪደርሱ ግን ልጁ ከተንቀሳቀሰ አለቀለት።» ካፖርቱን ለበሰ፤ መዶሻውንና መብራቱን ያዘ።

አባትና ልጅ ተያይዘው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ አባቷ ቆመ። ፍርግርጉን በአንድ እጁ ይዞ ወደ ጨለማው አየ። ላብ ከግንባሩ እየወረደ ቅንድቡ ላይ ተጠራቀመ፤ አልጠረገውም። ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። የካሜራው ትንፋሽ፣ ስልኩ ውስጥ ያለው፣ ልክ እንደዚህ ነው።

«አባዬ፣ አንተ እዚህ ሆነህ ንገረኝ፤ እኔ ልግባ።»

«ትንሽ ዝም በይልኝ» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። እጁ ከባድ ነበር። «ቅደሚና አብሪ።»

እንደዚያ ሆነው ገቡ። ግድግዳው ጋ አባቷ ተንበረከከና መዶሻውን አወጣ። መሬት ለመሬት የሚሄደውን ቧንቧ መታው። ቆመ። ደግሞ መታው። ቆመ። ድምፁ በቧንቧው ውስጥ እየሮጠ ሲርቅ ይሰማል። የሚመለስ ነገር የለም። አባቷ ደገመ። መዶሻው አንዴ ቧንቧውን ስቶ ድንጋይ መታ። ሚጡ መብራቱን መሬት ላይ አደረገችው። ፊቱን ማየት አልፈለገችም። እየመታ ያለው ለካሜራው ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል። ይህን ያመጣችው ደግሞ እሷ ናት።

ኳ።

በጣም ቀጭን ነበር። አባቷ ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጠፈ።

ኳ። ኳ።

«መለሰ» አለ አባቷ በሹክሹክታ። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር። «መለሰልኝ እኮ።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ሚጡ የምታውቀው፣ ጎብኚ የሚያስከትለው ድምፅ ሆነ። «በግራ ነው። የእኔን እግር እያየሽ፣ እኔ በረገጥኩበት ብቻ ርገጪ።»

ካሜራውን ጣውላው ላይ አገኙት። አንዱ ጣውላ ተሰብሮ እስከ ወገቡ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል፤ በአንድ ክንዱ ቧንቧውን አቅፎ፣ በሌላው እጁ ድንጋይ ይዟል። መብራቱ ሲያርፍበት ፊቱ ጭቃና እንባ ብቻ ነበር። ማን እንደመጣለት ሲያይ ቧንቧውን ይበልጥ አጥብቆ አቀፈ።

«ወደ ታች አትይ። እኔን እየኝ» አለ አባቷ። «ያዝ ያልኩህን ትይዛለህ፣ ልቀቅ ያልኩህን ትለቃለህ። ሌላው የእኔ ሥራ ነው።» ካፖርቱን አውልቆ በሆዱ ተኛና ጣውላው ላይ ወደፊት ተሳበ። እንጨቱ አቃሰተ። ሚጡ የአባቷን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ጨብጣ ተረከዟን ድንጋይ ላይ ቸከለች። «አሁን ድንጋዩን ጣል፤ እጄን ያዝ» የሚለው ተሰማት። ድንጋዩ ወረደ፤ ሲያርፍ ግን አልሰማችውም። ከዚያ አባቷ ጎተተ፤ እሷም ጎተተች። እንዴት እንደሆነ ሳታውቅ ሦስቱም ደረቁ ድንጋይ ላይ ተደራርበው ተገኙ።

ካሜራው የአባቷን ሸሚዝ ጨብጦ አልለቅ አለ። «ጋሼ» አለ፤ «ጋሼ፣ እኔ...»

«ቆይ» አለው አባቷ ካፖርቱን እያለበሰው። «መጀመሪያ ትንፋሽህን ሰብስብ።»

ውጭ ሲወጡ በሩ ላይ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ጥበቃዎች፣ ከኋላ እያለከለከች የደረሰች የሚጡ እናት፣ ከሁሉም ፊት ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች የሮጠች ፋርማሲስት። ልጇን አቅፋ ጨመቀችው፤ ከዚያ ወደ ሚጡ አባት ዞራ እጁን ያዘች። ወገቧን አጉብጣ እጁን ልትስም ስትል ሰብሰብ አደረገባት። «ተይ እትዬ፣ ጭቃ ነው» አላት።

«በሩን ማን ከፈተልህ?» አለ አንዱ ጥበቃ ካሜራውን።

ካሜራው ከካፖርቱ ውስጥ ሚጡን አያት። «ክፍት ነበር» አለ። «ብቻዬን ነው የገባሁት።»

ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። ትልልቆቹ መንገዱን ሲነጋገሩ ካሜራው ቀስ ብሎ አጠገቧ መጣ። ጥርሱ አሁንም ይንገጫገጫል።

«አልተናገርኩም» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ስልኬስ?»

ከኪሷ አወጣችው። ካሜራው አልተቀበላትም፤ ስልኩን እንደ ትኩስ ነገር ነው ያየው። «ለቀቅሽው?»

«አልለቀቅሁትም።»

ትከሻው ወረደ። ሊስቅ ሞከረ። «በቃ እንግዲህ። አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም። እኩል ነን።»

ሚጡ ፊቱን አየችው። ያን የቅድሙን ደስታ ውስጧ ፈለገችው። ጨርሶ አልጠፋም ነበር፤ ትንሽ ቀርቷል፤ ራሷን አልዋሸችም። ግን ከእሱ ትከሻ ወዲያ አባቷ ይታያታል። አንዱ ጥበቃ ውሃ ሰጥቶት ሊጠጣ ሲሞክር፣ ጣሳው ከጥርሱ ጋር እየተጋጨ ውሃው አገጩ ላይ ይፈሳል። እኩል ነን። ካሁን በኋላ ክፍል ውስጥ ሲያያት ይጠቅሳታል ማለት ነው። ጓደኞቹን እንደሚጠቅሳቸው። እሷና እሱ አንድ ነገር አላቸው ማለት ነው፤ አባቷ የማያውቀው፣ ሁለቱ ብቻ የያዙት።

ስልኩን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ያልከው እዛው አለ። ያንተ ስልክ ነው፤ የፈለግከውን አድርገው።»

«ምን ማለትሽ ነው? ተስማማን አይደል እንዴ?»

«ከአንተ ጋር ምንም አልተስማማሁም» አለች።

ካሜራውን እናቱ እየደገፈች ቀድመው ወረዱ። ጥበቃዎቹም ተከተሉ። የሚጡ እናት እቤት ሄዳ ውሃ እንደምትጥድ ተናግራ በአቋራጩ ፈጠነች። አባቷ ያለ ካፖርት፣ በጭቃ በተለወሰ ሸሚዝ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ደርሳ መንገዱ ግማሹ ጥላ ሆኗል። ሚጡ ከኋላው ትንሽ ርቃ ስትሄድ ቆየችና እርምጃዋን አፈጠነች።

«አባዬ፣ ቤት ሳንደርስ የምነግርህ ነገር አለ።»

አባቷ ቆሞ ዞረ። ፊቷን አየ፤ ደክሞታል፤ ለመስማት የሚቸኩል አይመስልም። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት።

ሚጡ አልተቀመጠችም። ቆማ ነው የነገረችው።